ተመልካቹ መድረክ ላይ ሲወጣ፦ ፖለቲካን በፎረም ቴአትር ለመመርመር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ስለ ሙስና ሲሠራ መጨረሻው ይታወቃል። ጉቦ የሚቀበለው ሹም በካቴና ታስሮ ይወጣል። አንድ ተማሪ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረብ ብሎ «ስለዚህ ሁላችንም ሙስናን እንዋጋ» ይላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። በማግስቱ ካጨበጨቡት አንዷ መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ትሄዳለች። «ነገ ነይ» ትባላለች። ያን ጊዜ ምን እንደምትል ድራማው አልነገራትም። ቢነግራት እንኳ አንድም ቀን ሞክራው አታውቅም።

ይህ መመሪያ ሙከራውን ራሱ መድረክ ላይ ስለሚያመጣ የቴአትር ዓይነት ነው። ፎረም ቴአትር ይባላል። አጭር ታሪክ ይታያል። ታሪኩ በሽንፈት ያልቃል። ከዚያ እንደ አዲስ ይጀመራል። በሁለተኛው ዙር ከተመልካቹ መሀል የፈለገ ሰው «ቁም!» ብሎ ይነሳል። የተበዳዩን ቦታ ይወስድና እሱ ይሻላል ያለውን መንገድ ይሞክራል። ሌሎቹ ተዋንያን ደግሞ እንደ እውነተኛው ሕይወት ይመልሱለታል።

መመሪያውን የጻፍኩት የድራማ ወይም የሥነ ዜጋ ክበብ ለሚመሩ መምህራን፣ በወጣት ማዕከል ለሚሠሩና ሥራቸው ሕዝብ እንዲያነጋግር ለሚፈልጉ አርቲስቶች ነው። የቴአትር ትምህርት አያስፈልግም። እዚህ ፖለቲካ የምለው ማን ይወስናል፣ ማን ይጠብቃል፣ ማን ቀድሞ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ነው። የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ አለ። በአከራይና በተከራይ መካከል አለ። የክፍል አለቃ ሲመረጥም አለ።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ወደ ሥራው ከመግባታችሁ በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማችኋል። የዘዴው ሕግጋት በሙሉ የወጡት ከገጠመኝ ነውና።

የፎረም ቴአትር ጀማሪ አውጉስቶ ቦአል በ1931 ሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ ብራዚል ተወለደ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኬሚካል ምህንድስና ተማረ፣ ልቡ ግን ቴአትር ላይ ነበር። ከ1956 ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ በሚገኘው አሬና ቴአትር በዳይሬክተርነት ሠራ። በ1964 የአገሪቱን ሥልጣን ወታደሮች ያዙት። በ1971 ቦአል ታሰረ፣ ተሠቃየ፣ ከዚያም ተሰደደ። አርጀንቲና፣ ፖርቱጋልና ፈረንሳይ ኖሮ በ1986 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በወጣትነቱ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በድሃ ገበሬዎች ፊት ይጫወቱ ነበር። ተዋንያኑ ጠመንጃ ከፍ አድርገው ለመሬታችን ደማችንን እናፍስ እያሉ ይዘምራሉ። አንድ ቀን ትዕይንቱ ሲያልቅ ቨርጂሊዮ የሚባል ገበሬ ቀረባቸው። ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ኑ፣ መሬታችንን የነጠቀንን ሰውዬ አብረን እናባርረው አላቸው። ደነገጡ። ጠመንጃው ለመድረክ የተሠራ እንጂ የሚተኩስ እንዳልሆነ ነገሩት። እሱም፦ ጠመንጃው የውሸት ይሁን፣ እናንተ ግን እውነተኛ ናችሁ፣ ለሁላችሁም የሚበቃ መሣሪያ እኛ አለን አለ። አሁንም እምቢ አሉ። ያኔ ቨርጂሊዮ ገባው። ይፈስሳል ሲሉ የነበረው የገበሬዎቹ ደም ነበር። ቦአል ይህን ታሪክ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ኖሯል። ራሱ የማይከፍለውን ዋጋ ሌሎች እንዲከፍሉ መድረክ ላይ ቆሞ መምከርን ያን ቀን ተወው።

ሁለተኛው ገጠመኝ የ1973 ነው። ፔሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም ይሠራ ነበር። አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት ባሏ የሰጣትን ወረቀት በአደራ ስታስቀምጥ ኖራ፣ ጎረቤት ሲያነብላት የሌላ ሴት የፍቅር ደብዳቤ ሆኖ አገኘችው። ባሌ ማታ ሲመጣ ምን ልበለው ብላ ጠየቀች። ተዋንያኑ ታሪኩን ተጫወቱት። ከተመልካቹ ሐሳብ እየተቀበሉም ደጋገሙት። አንዲት ተመልካች ግን የሰጠችው ሐሳብ በተሠራ ቁጥር «እንዲህ አላልኩም» ትላለች። ቦአል ጨነቀውና ራስሽ ወጥተሽ አሳዪን አላት። ወጣች። መጥረጊያ አነሳች። ባል ሆኖ የሚተውነውን ሰው አናገረችው፣ መጥረጊያውም አልቦዘነም። ተዋናይዋ ልታሳየው ያልቻለችውን ነገር ተመልካቿ በራሷ አካል አሳየችው። ፎረም ቴአትር የተጀመረው እዚያ ነው።

በእኛም አገር ትዝ የሚል ነገር አለ። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ድንቅ ድንቅ ዘፋኞችና ተዋንያን ወጥተውበታል። መልእክቱ ግን ከላይ ተወስኖ የሚመጣ ነበር፤ የተመልካቹ ድርሻ መቀበል ነው። ይህ ልማድ ዛሬም «አስተማሪ ድራማ» በምንለው ውስጥ በብዛት አለ። ርዕሱ ይቀየራል፣ አካሄዱ ያው ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ወደ ልምምድ የምትገቡት ጥያቄ ይዛችሁ ነው። መልሱን እናንተም የምታውቁት ከሆነ ለፎረም ቴአትር አይሆንም። ለስብሰባ ይሆናል።

1. ቡድኑን ማሰባሰብ

ከ12 እስከ 20 ሰው በቂ ነው። ከዚያ ከበዛ ዝምተኞቹ ይጠፋሉ። ስድስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትገናኙ አንድ ጥሩ ሥራ ይወጣል። አዳራሽ ከሌለ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ በክፍል ውስጥ ሥሩ። የድራማ ክበብ «ኮከቦችን» ብቻ አትሰብስቡ። ወረፋ የሚያውቅ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ከትምህርት በኋላ ሱቅ የሚያግዝ ልጅ ይግባ። የምትፈልጉት ዕውቀት እነሱ ጋ ነው።

ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለማዕከሉ ኃላፊ አስቀድማችሁ ንገሩ። ምን ዓይነት ቴአትር እንደሆነ፣ ተመልካች እንደሚሳተፍ፣ የማንም ስም እንደማይጠራ በግልጽ አስረዱ። ተደብቆ የተጀመረ ሥራ ሲጋለጥ የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን አራት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ እዚህ የተነገረ ታሪክ እዚሁ ይቀራል። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት በስም አይነሳም። ሦስተኛ፣ ማንም የራሱን ታሪክ ራሱ አይተውንም፤ ሌላ ሰው ይጫወትለታል። አራተኛውን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ገጸ ባሕርይን በብሔር አነጋገር እያስመሰሉ ማሳቅ ክልክል ነው። ክፉው ሹም በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘዬ ከተናገረ ተመልካቹ ስለ ሥልጣን ማሰቡን ያቆማል። ስለ ብሔር ማሰብ ይጀምራል። አዳራሹን ከዚያ መመለስ አይቻልም።

2. ሰውነትን ማፍታታት

ውይይት አትጀምሩ። ውይይት ሲጀመር ተናጋሪዎቹ ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። በጨዋታ ጀምሩ።

ቦአል የኮሎምቢያ ሂፕኖሲስ የሚለው ጨዋታ አለ። ሁለት ሁለት ሆነው ይቁሙ። አንዱ መዳፉን ከሌላው ፊት አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ይዘርጋ። ተከታዩ ፊቱን ከመዳፉ እኩል ርቀት ላይ ጠብቆ መሄድ አለበት። መዳፉ ዝቅ ሲል ዝቅ፣ ሲዞር መዞር። ንግግር የለም። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ቦታ ይለዋወጡ። ቀጥሎ አንዱ በሁለት እጁ ሁለት ሰው ይምራ።

ሲያበቃ አስቀምጧቸውና ጠይቁ። መሪ ስትሆኑ ምን አደረጋችሁ? ተከታይ ስትሆኑስ? ሁልጊዜ የሆነ ሰው ተከታዩን መሬት ለመሬት አንከባልሎታል። ለምን ሲባል «ስለሚቻል» ይላል። ሌላው ደግሞ መምራት አድክሞኛል ይላል። ሌላዋ መመራት ቀሎኝ ነበር ትላለች። ሦስቱም መልሶች ስለ ሥልጣን ናቸው፤ አንድም የፖለቲካ ቃል አልወጣም። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የሚሉትን ጻፉላቸው፣ ወደፊት ይመለሱበታል።

ሁለተኛው ጨዋታ አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበርና አንድ ጠርሙስ ይፈልጋል። አንድ ሰው ይውጣና አንደኛው ወንበር ከሌሎቹ፣ ከጠረጴዛውና ከጠርሙሱ ሁሉ በላይ ኃይል ያለው እንዲመስል አድርጎ ያስተካክል። ሌሎቹ የትኛው ወንበር እንደሆነ ይናገሩ። ሌላ ሰው ይውጣና በሌላ መንገድ ይሞክር። አንዱ ከጠረጴዛው ላይ ይሰቅለዋል። ሌላው ጀርባውን ያዞረዋል። ሌላዋ ለብቻው በሩ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ «አሁን ሰው ሆናችሁ ግቡና ከዚህ ወንበር የበለጠ ኃይል ያለው ቦታ ያዙ» በሏቸው። ተማሪዎች ይህን ከሠሩ በኋላ ስለ ስብሰባ አዳራሽ፣ ስለ ክብር ወንበር፣ ስለ መምህር ጠረጴዛ ራሳቸው ማውራት ይጀምራሉ።

3. ሐውልት መሥራት

አሁን ወደ ጉዳያችሁ ትጠጋላችሁ፣ ግን አሁንም ያለ ንግግር። አንድ ሰው ጓደኞቹን እንደ ሸክላ እያጣመመ ሐውልት ይሠራል። ርዕሱን ሰፋ አድርጋችሁ ስጡ፦ «ሰፈራችን ውስጥ አቅም የሚያሳጣኝ ነገር»። እጅና እግር፣ የፊት ገጽታ፣ ማን ማንን እንደሚያይ፣ ሁሉንም ቀራጩ ይወስናል። ቡድኑ ይዞራል፣ ያያል። «ይሄ ምንድነው?» ተብሎ ቀራጩ አይጠየቅ። ተመልካቾቹ የሚያዩትን ይናገሩ። አንዱ ቤተሰብ ያያል፣ ሌላው ቢሮ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከዚያ ሦስት ምስል አሠሩ። የመጀመሪያው ነገሩ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው ቢሆን የምንመኘው። ሦስተኛው መካከል ላይ ያለው ነው፦ ከዚህ ወደዚያ ለመሄድ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው? እውነተኛው ክርክር ሦስተኛው ላይ ይነሳል። የተረገጠው ይነሳ ወይስ የቆመው ወገን ይቀርበው? ክርክሩን በእጃቸው ያድርጉት፣ ሐውልቱን እያነቃነቁ።

ይህ ከምስል ወደ ቃል የመሄድ መንገድ ከአስተማሪዎች ወገንም የመጣ ነው። ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 አንጂኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን ማንበብ ያስተማረው የኑሯቸውን ሥዕል እያሳየ፣ ስለሱ እያነጋገረ ነበር። በዓመቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲካሄድ ታሰረ። ቦአል ፎረም ቴአትርን ጨምሮ ዘዴዎቹን ሁሉ «የተጨቋኞች ቴአትር» ብሎ የሰየመው የፍሬሬን ሐሳብ ተከትሎ ነው።

በሦስቱ ምስሎች መጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ጉዳይ ደጋግሞ ይመጣል። ታሪካችሁን ከእነዚህ ምረጡ።

4. ታሪኩን መገንባት

ጥሩ የፎረም ታሪክ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው አንድ ተጨባጭ ነገር ይፈልጋል። «ፍትሕ» ማለት በቂ አይደለም፤ «እስከ ዓርብ መታወቂያ» ይሁን። የሚከለክሉት ሰዎች አሉ። ሊረዱት የሚችሉ፣ ግን ያልረዱ ሰዎችም አሉ። ዋናው ሰው የተወሰነ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይሸነፋል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። መሠረት ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ እስከ ዓርብ ካላመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

በመጀመሪያው ትዕይንት አከራይዋን ማረጋገጫ እንዲሰጧት ትለምናለች። «ልጄ፣ እኔ ከቀበሌ ጋር ጣጣ አልፈልግም» ይሏታል። ክፉ ሰው አይደሉም። ግብር ይመጣብኛል ብለው ፈርተዋል።

በሁለተኛው ወረፋ ላይ ነች። አንድ ጎልማሳ ከዘበኛው ጋር ሰላም ተባብሎ ቀድሞ ይገባል። ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፣ ማንም አይናገርም። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቀርብ ሠራተኛዋ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ» ትላታለች።

በሦስተኛው ግቢው ውስጥ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ይጠጋታል። «እህቴ፣ ለሻይ የሚሆን ካለሽ ዛሬውኑ አስጨርስልሻለሁ።» ገንዘብ የላትም። ከጓደኛዋ ለመበደር ትደውላለች።

አራተኛው ዓርብ ከሰዓት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል። ስልኳ ይጠራል። ትዕይንቱ ያልቃል።

እዚህ ውስጥ ስንት በር እንዳለ ልብ በሉ። አከራይዋ፣ ዘበኛው፣ ወረፋው ላይ ያሉት ሰዎች፣ ሠራተኛዋ፣ ጓደኛዋ፣ ፋብሪካው። ተመልካቹ በእያንዳንዱ በር መግባት መቻል አለበት። በር የሌለበት ታሪክ አትምረጡ። በጥይት የሚያልቅ፣ በእሥር ቤት የሚያልቅ፣ ተበዳዩ እጁ ታስሮ የሚያልቅ ታሪክ ተመልካቹን ያስለቅሳል፣ የሚሞክረው ነገር ግን አይሰጠውም። ከልጆቹ አንዱ ስለ ጥቃት የራሱን ታሪክ ካወጣ ደግሞ ወደ መድረክ አታምጡት። ለብቻ አነጋግሩትና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወደሚመለከተው ሰው አድርሱት።

ጉዳዩ በቀጥታ ለመንካት ከከበደ ራቅ አድርጉት። አሮጌ መንገድ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ጸሐፊ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የሹማምንቱን ጉድለት በእንስሳት አስመስሎ ነበር ያቀረበው። ያም ቢሆን ተውኔቱ መታገድ አልቀረለትም። እናንተ ታሪኩን ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ ዘመን ወይም ወደ ጫካ ልትወስዱት ትችላላችሁ። ተመልካቹ ያውቀዋል። ግን ፎረም ላይ አንድ ችግር አለ፦ በጣም ከራቀ የሚሞከረውም መፍትሔ የተረት ይሆናል። እኔ ቢሮውን እዚሁ አድርጎ ስሙን መተው እመርጣለሁ።

5. ልምምድ

ከሁሉ በላይ መለማመድ ያለባቸው ከልካዮቹ ናቸው። መሠረትን የምትጫወተው ልጅ ቃሏን ካወቀች ይበቃል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ግን ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ይመጣባታል። ስለዚህ በወንበር ላይ አስቀምጧትና ቡድኑ ይጠይቃት። ደሞዝሽ ስንት ነው? አለቃሽ ምን ይልሻል? ዛሬ ስንት ሰው ሰደበሽ? ሲስተሙ እውነት የለም? መልሶቹን በሠራተኛዋ ስም ትመልስ። ያኔ ክፉ ሴት መሆኗ ቀርቶ ምክንያት ያላት ሰው ትሆናለች። ከላይዋ ማን እንዳለም መታየት ይጀምራል። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ልጆቹ በአንድ መስኮት ጀርባ ስንት ውሳኔ እንዳለ ይቆጥራሉ።

ከልካዮቹ ሁለት መመሪያ ይኑራቸው። በቀላሉ አትሸነፉ። ጥሩ ሐሳብ ከመጣ ግን ግትር አትሁኑ፣ በእውነተኛው ቢሮ የሚሆነውን ያህል ተበገሩ። ይህን ለማለማመድ ከቡድኑ ውስጥ ሰው እየተነሳ ይፈትናቸው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ልምምድ በዚህ ይለቅ።

ቁሳቁስ አታብዙ። አንድ መስኮት የሚመስል ክፈፍ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማኅተም፣ የዘበኛ ኮፍያ። ለመሠረት አንድ ነጠላ ስጧት። ተመልካች ሲተካት ነጠላውን ይወስዳል፤ ወንድም ሆነ ሴት፣ ነጠላ የለበሰው ሰው መሠረት ነው።

6. ጆከሩን ማዘጋጀት

መድረኩንና ተመልካቹን የሚያገናኘው ሰው ጆከር ይባላል። እንደ ካርታው ጆከር የየትኛውም ወገን አይደለም። ብዙ ጊዜ መምህሩ ራሱ ይሆናል። ከባዱ ሥራው አለመመለስ ነው። ሰው ሐሳብ ሲያቀርብ «ጎበዝ!» ካለ ቀጣዩ ሰው መምህሩ የወደደውን ይደግማል። ፊቱን ካጠቆረ ደግሞ ማንም አይነሳም።

ጆከሩ አራት ጥያቄ በኪሱ ይያዝ። ይህ ሰው ምን ሞከረ? ሠራ ወይስ አልሠራም? በእውነተኛው ቢሮ ይሆናል? ለማን ይቻላል፣ ለማን አይቻልም? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ነገር ይከፍታል። በጥሩ ልብስና በልበ ሙሉነት የተነሳ ልጅ ኃላፊውን አነጋግሮ ሲሳካለት፣ «ይህን አንዲት የቤት ሠራተኛ ብታደርገው?» ብላችሁ ጠይቁ።

7. የትዕይንቱ ቀን

ለአንድ ሰዓት ተኩል አስቡ። ተመልካቹ ከ60 ወይም ከ70 ባይበልጥ ይሻላል። ወንበሩ በግማሽ ክብ ይደርደር፣ ወደ መድረኩ ለመውጣት ሰው መዝለል የለበትም። በስልክ እንዳይቀረጽ በቅድሚያ ንገሩ። ይህ ለወግ የሚባል ማሳሰቢያ አይደለም። አንዲት ተማሪ ለዘበኛው ጉቦ ለመስጠት ስትሞክር የተናገረችው ቃል 20 ሰከንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ከወጣ ጨዋታ መሆኑን የሚያስረዳላት የለም።

ጆከሩ ሕጉን በአጭሩ ይንገር። ከዚያ ሁሉንም ሰው በአንድ ቀላል ጨዋታ ያንቀሳቅስ፦ በቀኝ እጅ ክብ፣ በግራ እጅ መስቀል በአየር ላይ በአንድ ጊዜ መሥራት። ብዙ ሰው አይችለውም፣ ሁሉም ይስቃል፣ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ትዕይንቱ አንዴ እስከ መጨረሻ ይታያል። ጆከሩ ይጠይቃል፦ መሠረት የተለየ ነገር ማድረግ ትችል ነበር? እጆች ይወጣሉ። «አትንገሩኝ፣ አሳዩኝ» ይበል። ትዕይንቱ እንደገና ይጀመርና ሰው «ቁም!» እስኪል ይሄዳል።

መተካት የሚቻለው መሠረትን ነው፤ ወረፋው ላይ ዝም ያሉትንም መተካት ይቻላል። ሠራተኛዋን መተካት አይፈቀድም። ተመልካች ሠራተኛዋን ተክቶ ደግ ቢያደርጋት ችግሩ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፣ እውነተኛዋ ሠራተኛ ግን ነገም እዚያው ናት። ሰው የማይሆን ነገር ካመጣ፣ ለምሳሌ ሚኒስትሩ አጎቴ ነው ብሎ ቢደውል፣ ተመልካቹ በአንድ ድምፅ «አስማት!» ይበል። ይህን ቃል ሰው በጣም ይወደዋል።

የሚመጣውን አስቀድማችሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚነሳው ሰው ይጮኻል። ዘበኛው ያስወጣዋል። ሁለተኛው ጉቦ ይሰጣል። አትከልክሉት። መታወቂያውን ያገኛል፣ አዳራሹም ይስቃል። ያኔ ጆከሩ ወረፋው ላይ ያሉትን ተዋንያን አንድ በአንድ ይጠይቅ፦ «አሁን እርስዎ ምን ሆኑ፣ አባባ?» አዛውንቱ ቦታቸው ወደ ኋላ እንደሄደ ይናገራሉ። ይህ ከማንኛውም የጸረ ሙስና ንግግር ይበልጣል።

ከዚያ ነገሩ ይበስላል። አንዷ «ነገ ነይ ያልሽኝን በጽሑፍ ስጪኝ» ትላለች። ሠራተኛዋ ትደናገጣለች። ሌላው ወረፋው ላይ ወዳሉት ዞሮ ስማቸውን በተራ ቁጥር ወረቀት ላይ ይመዘግብና ለዘበኛው ያስረክበዋል። ሌላዋ ወደ ፋብሪካው ደውላ ሁለት ቀን ትጠይቃለች። አንድ አባት ተነስተው አከራይዋን በሽምግልና ያነጋግራሉ። ሁሉም አይሳካም። ያልተሳካውን ለምን እንዳልተሳካ ተነጋገሩበት፣ ከተሳካው ይልቅ እዚያ ብዙ ነገር አለ።

የሚያስቸግሩ ነገሮችም አሉ። ዝምታ ከሆነ ጆከሩ አይደንግጥ፣ ሰው ለሁለት ደቂቃ ከጎረቤቱ ጋር እንዲያወራ ያድርግ፤ ከዚያ እጅ ይወጣል። ታላቅ ሰው ተነስተው ረጅም ምክር ከጀመሩ በአክብሮት «አባቴ፣ ይህን ለመስኮቷ ሠራተኛ ይንገሩልን» ብላችሁ ወደ መድረኩ ጋብዟቸው። የፓርቲ ክርክር ከተነሳ ወደ ታሪኩ መልሱት፦ መሠረት ዓርብ ላይ ደርሳለች፣ አሁን ምን ታድርግ? ሴቶች ካልተነሱ ቀጣዩ ተራ የሴቶች ብቻ ነው በሉ። ቡጢ የሚሞክር ካለ ጆከሩ ወዲያው ያስቁም። «በዝግታ እንየው» ብሎ በዝግታ ያሠራው፤ ተዋናይ መጎዳት የለበትም።

8. ከትዕይንቱ በኋላ

አንድ ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ መዝጋቢ ይሁን። የተሞከረውን ሁሉ ይጻፍ፦ ማን ሆኖ፣ ምን ሞከረ፣ ምን ተፈጠረ። ይህ ወረቀት ዋናው ፍሬ ነው።

ቦአል ይህን ርቆ ወስዶታል። በ1992 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠና እስከ 1996 አገለገለ። በየሰፈሩ የፎረም ቡድኖች አቋቋመ። ሰዉ መድረክ ላይ የሞከረውን ሐሳብ የሕግ ባለሙያዎች ወደ ረቂቅ ለወጡት። በዚህ መንገድ 13 ሕጎች ጸደቁ። በከተማዋ ሆስፒታሎች ለአረጋውያን የሚሰጠውን ሕክምና የሚመለከት አለበት። የሕግ አውጪ ቴአትር ብሎ ጠራው።

እናንተ የምክር ቤት ወንበር የላችሁም። በትንሹ ግን ይሠራል። በሳምንቱ ቡድኑን ሰብስቡና ከመዝገቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ለዩ። አንደኛው ሰው በግሉ ነገ ሊያደርገው የሚችለው ነው፤ በጽሑፍ መልስ መጠየቅ፣ ወረፋ መመዝገብ፣ አቤቱታ የት እንደሚቀርብ ማወቅ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ አንብቡት። ሁለተኛው ቢሮው ሊለውጠው የሚገባው ነው፤ ለምሳሌ ሲስተም ሲቋረጥ በሩ ላይ በጽሑፍ ይለጠፍ፣ የወረፋ ቁጥር ይሰጥ። ከዚህ ሦስት ብቻ ምረጡና በትምህርት ቤቱ ማኅተም በደብዳቤ አቅርቡ። ሦስት ልጆች ይዘውት ይሂዱ፣ የገቢ ቁጥር ይቀበሉ።

ደብዳቤው የደረሰበትን ለተመልካቹ የመንገር ኃላፊነት አለባችሁ። የባንዲራ ሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ ይበቃል። መልስ ከመጣ አንብቡት። ካልመጣ ደግሞ ደብዳቤ ይዘው የሄዱት ሦስቱ ልጆች ከመዝገብ ቤት እስከ ኃላፊው በር ያጋጠማቸውን ያውቃሉ። የሚቀጥለውን ታሪክ ከእነሱ ተቀበሉና ሐውልት ከመሥራት ጀምሩ፣ ነጠላውን በዚህ ጊዜ ሌላ ልጅ ትልበሰው።